የጣት ኦክስጅን መለኪያ

ፐልስ ኦክሲሜትር፤ ፕላስቲክ፣ በባትሪ የሚሠራ

ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መሠረተ ሐሳቡን ያገኘለት ይህ መሣሪያ፣ የድውዩን ጣት እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ፣ ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየውን ሌላ ብርሃን በሥጋው ውስጥ እያሳለፈ፣ ደሙ የተሸከመውን ኦክስጅን ሳይወጋና ሳያደማ በቁጥር ይገልጣል። ነገር ግን የጠቆረ ቆዳ ከብርሃኑ ከፊሉን ስለሚውጥ፣ መሣሪያውም በተፈተነ ጊዜ ጥቁሮች በቂ ቦታ ስላልተሰጣቸው፣ ቁጥሩ በእነርሱ ላይ ከእውነቱ ከፍ ማለቱ ይበዛል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ፣ ከደም ቅዳ በተቀዳው ደም ያለው ኦክስጅን ግን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ሕሙማን ልኬቶች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነበር። ይህ ስሕተት ኦክስጅን የሚገባውን ሕመምተኛ ከደጅ የሚመልስ በደል ነው፤ በዳዩ ክፉ ልብ ባይኖረው እንኳ።

በወሎ፣ ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ፣ ከፍታው አየሩን ያሳሳዋልና፣ የጤነኛውም ቁጥር ከቆላው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከፍታው ቁጥሩን ሲያወርድ የቆዳው ጥቁረት ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ በቁጥሩ ብቻ ሳትታመኑ የታመመውን ሕፃን ትንፋሽ ቁጠሩ፣ ከንፈሩንና ምላሱን ተመልከቱ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሳበ ሳለ፣ የመሣሪያው መስኮት 94 አለ ብላችሁ ወደ ቤቱ አትስደዱት።