ቁልቁል ማን ይሸኘው?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስሙኝ፤ የምወስዳችሁ ሩቅ አገር ነው፣ ብርዱም የዋዛ አይደለም።

ኔፓል ውስጥ ኩምቡ የሚባል አውራጃ አለ፤ ኤቨረስት ከአናቱ ላይ የተቀመጠበት አገር ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በትንሽ አውሮፕላን ይነሣና ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው በሉክላ ያርፋል፤ ከዚያም ወንዙን በተንጠልጣይ ድልድይ እየተሻገረ፣ በጥድ ጥላ እየተጠለለ ሽቅብ ይሄዳል፤ ከዚያም ናምቼ ገበያ ደርሶ አረፍ ይላል፤ ከዚያም ዛፉ እያጠረና እየሳሳ ሄዶ ያልቅና ድንጋይና ነፋስ ብቻ ይቀራሉ፤ ከዚያም ከ4,200 ሜትር በላይ ወዳለችው ወደ ፌሪቼ ይገባል። ፌሪቼ በድንጋይ ካብ የታጠረች፣ ከቀትር በኋላ ነፋሷ ሰው የሚገፋ መንደር ናት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ተመሠረተ፤ ፌሪቼም ላይ የሕክምና ጣቢያ አቆመ። ሰው ቁስል ሳይኖረው፣ ስብራት ሳይደርስበት፣ ትናንት ሲስቅ አምሽቶ ዛሬ ሬሳው ይወርድ ነበርና። ፒተር ሃኬት የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ወደዚያ ወጣ፤ በዚያ የሚያልፉትን መንገደኞችም ይጠይቅ ጀመር፤ ራስህን ያምሃል? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ከዚያም ያገኘውን ከድረመንድ ሬኒ ጋር ሆኖ በ1976 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ከጠየቋቸው 278 ተጓዦች ከግማሽ የሚበልጡት የከፍታ ሕመም ይዟቸው ነበር። ደግሞም ሉክላ ድረስ በአውሮፕላን የመጡት፣ ከታች ጀምረው በእግራቸው ቀስ እያሉ ከወጡት ይልቅ ታመው ተገኙ። በእግሩ የመጣው ሰው ሳያውቀው ለገላው ጊዜ ሰጥቶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጂንም ያንሳል። ገላ ይህን መልመድ ይችላል፤ ግን ቀን ይፈልጋል። ቀኑን የነፈገው ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ይህን ቸል ብሎ ሽቅብ ከቀጠለ አንዱ አንጎሉ ያብጥና እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ሌላው ሳንባው ውሃ ይቋጥርና ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሲስል አረፋ ይወጣዋል። ከዚህ በኋላ የቀረው ጊዜ በሰዓት ይቆጠራል።

ስለዚህ የፌሪቼ ሐኪሞች በጉዞው ወቅት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገደኛውን ሰብስበው ያስተምራሉ። ትምህርታቸው አጭር ነው። ተራራ ላይ ከታመምህ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ሕመምህ የከፍታ ነው ብለህ ተነሣ። እያመመህ ከፍ ብለህ አትደር። እየባሰብህ ከሄደ ውረድ። ከዚያም መሬት ላይ መስመር ያሰምሩና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠምህ ተራመድ ይሉታል፤ መስመሩን የሳተ ሰው በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቁልቁል መውረድ አለበት።

አሁን ደግሞ ልብ የሚሰብረውን ልንገራችሁ። በ1997 አንድ የ20 ዓመት ኔፓላዊ ወጣት የተጓዦችን ጓዝ ተሸክሞ ሲወጣ ታመመ። እናንተ የዚያ አገር ሰው ሁሉ ተራራ የለመደ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ግን ከዝቅተኛው አገር ለእንጀራ የመጡ ናቸው፣ ገላቸውም ከፈረንጁ ገላ በምንም አይለይም። ያ ልጅ በጽኑ ሲታመም የሠራበትን ሒሳብ ከፈሉትና ብቻውን ቁልቁል ሰደዱት። በሠላሳ ሰዓት ውስጥ ሞተ። አስቡት እስቲ፤ ራሱ እየዞረበት፣ እግሩ እየከዳው፣ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ያን ሁሉ ቁልቁለት ብቻውን። እናቱ ምን ተብላ እንደምትረዳ ማን አሰበ?

ከዚያ ሞት በኋላ ዓለም አቀፍ የተሸካሚዎች ጥበቃ ቡድን ተቋቋመ። ቡድኑ ካወጣቸው መመሪያዎች አንዱን ሁላችሁም እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ፤ የታመመ ተሸካሚ ብቻውን አይሰደድም፣ ቋንቋውን የሚናገርና ሕመሙን የተረዳ ሰው አብሮት ይወርዳል። ይህን የማያስተምር የተራራ ሕክምና ስልጠና፣ ሌላውን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ ጎደሎ ነው እላለሁ።

ስልጠናው ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። ፖል ፔትዞልት በ1965 ዋዮሚንግ ላይ የመሠረተው ኖልስ የሚባለው ትምህርት ቤት የጉዞ መሪዎችን ለአሥር ቀን ያህል ያሠለጥናል። ከሠልጣኞቹ አንዱ እንደ ቁስለኛ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ እግሬ ተሰበረ እያለ ጭቃው ውስጥ ይተኛል፤ ዝናብም ቢመጣ ትምህርቱ አይቋረጥም፣ አደጋ ዝናብ እስኪያባራ አይጠብቅምና። ሠልጣኙ መጀመሪያ ድንጋይ የሚንድ እንደሆነ ሽቅብ ያያል፤ ከዚያም ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ደሙን ይፈልጋል፤ ከዚያም ታማሚው ከመሬቱ ብርድ እንዲላቀቅ ከሥሩ ያነጥፍለታል፤ ከዚያም በምርኩዝና በጨርቅ እግሩን ያስራል። ሐኪም ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ ለራቀበት ቦታ የተሰናዳ ትምህርት ነው። በቃሬዛ ስንት ወንዝ አሻግረን፣ ትከሻ እየተቀያየርን ወላድ ጤና ጣቢያ ያደረስን ሰዎች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም።

ለተራራ የሚሠለጥኑት ደግሞ የጋሞው ከረጢት የሚባለውን መሣሪያ ይማራሉ። የፊዚክስ ሊቁ የጆርጅ ጋሞው ልጅ ኢጎር ጋሞው የፈለሰፈው ነው። አየር የማያሳልፍ ረጅም ከረጢት ነው፤ ታማሚው እንደ መኝታ ከረጢት ይገባበታል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ከዚያም አንድ ሰው በእግሩ ፓምፑን ይረግጣል። ከረጢቱ ይነፋል፣ ይወጠራል፤ የታማሚው ጆሮ ይደፈናል፣ ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ ይከፈትለታል። በትንሿ መስኮት ዓይኑ ይታያል፤ ከውጭ ያለውም ፊቱን ወደ መስኮቷ አስጠግቶ አይዞህ ይለዋል። ውስጥ ያለው ሰው 1,500 ሜትርና ከዚያም በላይ የወረደ ያህል ይሆንለታል። ግን ፓምፑ ፋታ የለውም፤ ረጋጩ ካቆመ የታማሚው ትንፋሽ እዚያው ታምቆ መልሶ ይጎዳዋል። ስለዚህ እየተፈራረቁ ይረግጣሉ። ደግሞም ከረጢቱ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፤ ታማሚው ነቃ ሲል፣ በእግሩ መቆም ሲችል፣ ይዘውት ይወርዳሉ።

ወደ አገራችን ስመለስ ዓይኔ ሰሜን ተራሮች ላይ ያርፋል። ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 ያወጣችው ጥናት አለ፤ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ደገኞቻችን የደማቸው ሂሞግሎቢንም ሆነ ኦክስጂን ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ግሩም ጸጋ ነው። ነገር ግን ከእንግዳው ጋር የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ በቅሎ ነጂውም፣ በገዛ ገላው የማያውቀውን ሕመም በሌላው ላይ እንዴት ያየዋል? እንግዳው ራሴን ሲል ምች ነው፣ ብርድ መቶታል ይባላል፤ ሲንገዳገድ ደክሞት ነው ይባላል። ጸጋው ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠለጥን ይገባዋል።

ደግሞ መንገዱን እዩት። ጠዋት ከጎንደር በመኪና የተነሣ ሰው ደባርቅን አልፎ፣ ሳንቃበርን አልፎ፣ በዚያው ቀን ከ3,600 ሜትር በላይ ጨነቅ ላይ ሊያድር ይችላል፤ የሉክላ አውሮፕላን ማለት ይኸው ነው። ሳንቃበር ወደ 3,250 ሜትር ነውና እዚያ ቢያድር ምን ይቸኩላል? ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር አብልጦ ከፍ አለማድረግ፣ በሦስትና በአራት ቀንም አንዴ ማረፍ የተመሰከረለት ሥርዓት ነው።

ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን የሚሻገር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በቧሂት በር ያልፋል፣ ከዚያም ወደ መሸሃ ወንዝ እስከ 2,800 ሜትር ግድም ይወርዳል፣ ከዚያም ማዶውን መልሶ ይወጣል። ማዶ ላይ የታመመ ሰው ወደ ቤቱ እንመልሰው ቢባል መንገዱ በዚያው በር ነው፣ ሽቅብ። መሪው ይህን አስቀድሞ ካላሰበ ለማዳን ብሎ ይገድለዋል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ታማሚውን ወንዙ ዳር አውርዶ፣ ነፍሱ እስክትመለስ እዚያው ማቆየት ነው።

ስለዚህ በሩን ከመሻገራቸው በፊት፣ ጨነቅ ላይ፣ ማታ ራት ሳይቀርብ፣ እንግዳውም ምግብ አብሳዩም በቅሎ ነጂውም መስመሩ ላይ ይራመዱ፤ ራሱን ያመመው አይሻገር፣ መስመሩን የሳተውም መኪና ተጠርቶለት በሌሊት ወደ ደባርቅ ይውረድ፤ አብሮት የሚወርደው ሰውም ማን እንደሆነ፣ ጉዞው ሳይጀመር፣ ደባርቅ ላይ በስሙ ተጠርቶ ይታወቅ።