የደመወዝ ግልጽነት

የደመወዝ ግልጽነት ማለት ለአንድ የሥራ መደብ የሚከፈለው ገንዘብ ወይም ክፍያው የሚወሰንበት መስፈርት ለሠራተኞች፣ ለአመልካቾች ወይም ለሕዝብ እንዲታወቅ የማድረግ አሠራር ነው። በአንዳንድ ቦታ የሚገለጸው የመደቡ መነሻና ጣሪያ ብቻ ሲሆን በሌላው የእያንዳንዱ ሰው ደመወዝ ከነስሙ ይታያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሌድቤተር ጉዳይ

ሊሊ ሌድቤተር በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት በሚገኘው የጉድይር ጎማ ፋብሪካ በ1979 ተቀጠሩ። ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ፣ በ1998፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የእሳቸውንና የሦስት ወንድ ባልደረቦቻቸውን ደመወዝ የጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ተወላቸው፤ እሳቸውም ድርጅቱን ከሰሱ። በፍርድ ቤት መዝገብ እንደሠፈረው የእሳቸው የወር ደመወዝ 3,727 ዶላር ሲሆን፣ በተመሳሳይ መደብ ከሚሠሩት ወንዶች ዝቅተኛው ተከፋይ 4,286፣ ከፍተኛው 5,236 ዶላር ያገኙ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 በ5 ለ4 ድምፅ ክሳቸውን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱም የክስ ማቅረቢያው 180 ቀን የሚቆጠረው የደመወዝ ውሳኔው ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ ነው የሚል ነበር፤ ጊዜው ያለፈው እሳቸው ልዩነቱን ሳያውቁ ነው። በስማቸው የተሰየመው የ2009 ሕግ እያንዳንዱ አድሏዊ ክፍያ ቆጠራውን እንደ አዲስ እንዲያስጀምር አደረገ።

ሕጎች

የአሜሪካ የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ አብዛኞቹ የግል ድርጅት ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እርስ በርስ የመነጋገር መብታቸውን ይጠብቃል። ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ የደመወዝ መጠን በቅጥር ማስታወቂያ ላይ እንዲወጣ ታስገድዳለች። በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ደግሞ ቀጣሪ የአመልካቹን የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ በወንዶችና በሴቶች አማካይ ክፍያ መካከል በቂ ምክንያት ያልቀረበለት ቢያንስ የ5 በመቶ ልዩነት ከታየና በስድስት ወር ካልተስተካከለ፣ አሠሪው ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ክፍያውን እንዲመረምር ያዛል።

ኖርዌይ የገቢ መረጃን ከ2001 ጀምሮ በኢንተርኔት ለፍለጋ ክፍት አድርጋ ነበር። ከ2014 ወዲህ ግን ማን መረጃውን እንዳየ ለባለቤቱ ስለሚገለጽ የፍለጋው ብዛት እጅግ ቀንሷል።

በመተማመን ላይ ያለው ተጽዕኖ

ደጋፊዎቹ ግልጽነት ሐሜትንና ጥርጣሬን ይቀንሳል ይላሉ። ጥናቶች የሚያሳዩት ውጤት ግን ድብልቅ ነው። ዴቪድ ካርድና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ የባልደረቦቻቸውን ደመወዝ ካዩት ውስጥ ከመካከለኛው በታች የሚከፈላቸው ቅሬታ አድሮባቸው ሌላ ሥራ የመፈለግ ዝንባሌ አሳይተዋል፤ ከፍ ያለ የሚከፈላቸው ግን ይበልጥ አልረኩም። በአንድ የእስያ ባንክ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሠራተኞች አለቃቸው ከገመቱት በላይ እንደሚከፈለው ሲያውቁ መትጋታቸውን፣ እኩያቸው እንደሚበልጣቸው ሲያውቁ ግን መቀዝቀዛቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩን መግለጥ ብቻውን አመኔታ አያስገኝም፤ አሠሪው ልዩነቱ ከልምድ፣ ከኃላፊነት ወይም ከሥራ አፈጻጸም እንደመጣ ማስረዳት መቻል አለበት። ተቺዎች በበኩላቸው ለአንዱ የተጨመረው ለሌሎቹም እንዲጨመር ስለሚያስገድድ፣ ግልጽነት አሠሪውን በድርድር ላይ ቆጣቢ ያደርገዋል ይላሉ።

በኢትዮጵያ

የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በደረጃና በእርከን የተከፋፈለ ስለሆነ የባልደረባን ደመወዝ መገመት አይከብድም። በግል ድርጅቶች የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ግን «ደመወዝ፦ በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚለው የተለመደ ነው። ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ሠራተኛው ገንዘብ ያዥ ዘንድ ቀርቦ በጋራ ፔሮል ላይ ከስሙ ትይዩ ስለሚፈርም፣ ከበላዩና ከበታቹ የተጻፈውን ማየቱ አይቀርም ነበር፤ ክፍያው ወደ ባንክ ሲዞር ይህ አጋጣሚ እየቀረ ሄዷል። የ1987 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱን ለመጠየቅ ግን፣ በሌድቤተር ጉዳይ እንደታየው፣ ልዩነት መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።