ፈታሽ ፊልም

«ና፣ የሙከራ ፊልም ላሳይህ» አልኩት ሰሊጥ የሚነግድ ወዳጄን። መተማ ዮሐንስ ነን፤ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ጥላ ያስያዘበት ሰዓት ነው። ስልኬን ሳይቀበለኝ «ታዲያ ሲያልቅ አታሳየኝም?» አለ።

ጥፋቱ የቃሉ ነው። «ሙከራ» ሲባል ገና ያልጸና፣ ቢበላሽም የማይቆጭ ነገር ይመስላል። ኤክስፐሪመንታል ፊልም ግን ያለቀ ሥራ ነው። ታሪክ ከመነሻ እስከ መድረሻ ከመንገር ይልቅ ምስልን፣ ድምፅን፣ ጨለማን፣ ዝምታን እያገላበጠ ፊልም ምን ማድረግ እንደሚችል ይመረምራል።

ስለዚህ «ፈታሽ ፊልም» እንበለው እላለሁ። ኬላ ያንገላታው መንገደኛ ቃሉ ሊጎረብጠው ይችላል፤ እኔ ያሰብኩት ግን የሰሊጥ ገዢውን ነው። ጆንያውን አይዘረግፍም። ጫፉ የሾለ ክፍት ብረት ሰክቶ ያወጣና መዳፉ ላይ የፈሰሰውን እፍ ይለዋል፤ ጥቂት ፍሬ በጥርሱ አድቅቆ ስለ ጆንያው ሁሉ ይናገራል። አጭር ፈታሽ ፊልምም ከሕይወት የሚያወጣው እንዲሁ ጥቂት ነው፤ እፍ ማለቱና ማጣጣሙ የተመልካቹ ድርሻ ነው።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማም የተነሳው ከእንዲህ ያለ ሥራ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና «ጤዛ» ከመምጣታቸው በፊት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ፣ «አወር ግላስ» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ፤ «የአሸዋ ሰዓት» ማለት ነው። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የፀረ-ቅኝ አገዛዙን ጸሐፊ ፍራንዝ ፋኖንን እያነበበ ለማን እንደሚጫወት ራሱን ይጠይቃል። ኃይሌን የምናደንቅ ብዙዎች ነን፤ ይህን ያየ ግን ጥቂት ነው፤ ያሳዝነኛል።

ለወዳጄ ያሳየሁት የፊልም ሠሪዋን የጄሲካ በሽርን «ሃይራት» ነው፤ ወደ ሰባት ደቂቃ ይሆናል፤ ለሕዝብ የቀረበው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዘጋቢ ፊልም ቢባልም አካሄዱ የፈታሽ ነው። የሐረር ጅብ ቀላቢ፣ ሌሊት፣ በጥቁርና ነጭ። ጅቦቹ ከጨለማው እየተቆረሱ የሚወጡ ይመስላሉ።

«ታሪኩ የታለ?» አለ መጀመሪያ። እርሻ ላይ አድሮ ጅብ ሲጮህ የሚሰማ ሰው ነውና ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሲያልቅ «ድገመው» አለኝ። በሁለተኛው ጅቦቹን ተወና የሰውየውን እጅ ይከተል ጀመር።