ዕጣ፣ ቦንድ፣ ቁጠባ፦ የቤት ገንዘብ ስሞች ከየት መጡ?

«ቤት» ከማደር ጋር የተወለደ ቃል ነው። በግእዝ «ቤተ» አደረ፣ ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው፤ ዐረብኛም «ባተ» ሲል አደረ፣ «በይት» ሲል ቤት ይላል። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ዲላ ላይ ግን ሌላ ዘር ይቀበለናል። ጌዴኦኛ ቤትን «ሚኔ» ይላል፤ ሲዳምኛም እንዲሁ፣ ኦሮምኛ ደግሞ «ማና»። ም-ን የኩሽ፣ ብ-ይ-ት የሴም። ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ሁለቱንም ስትሰማ ትውላለች። የቤት መሥሪያው የመንግሥት ገንዘብ ግን በስም ረገድ ከሁለቱም ዘር ውጭ ብዙ ዞሯል።

ከካዝናው እንነሣ። «ግምጃ» የከበረ ጨርቅ፣ ሐር ነው። የቤተ መንግሥቱ ሀብት በልብስና በሐር ይቆጠር ስለነበር ማከማቻው «ግምጃ ቤት» ተባለ፤ በኋላ ጨርቁ ወጥቶ ብሩ ገባ፣ ስሙ ግን ቀረ። «በጀት»ም ከዕቃ የወጣ ነው፦ የድሮው ፈረንሳይኛ «ቡዤት» ትንሽ የቆዳ ከረጢት ነበረች፤ እንግሊዝኛ ወሰዳት፣ ለእኛም አቀበላት። ዛሬ የአንድ ዞን ዓመታዊ ወጪ የሚጠራው በዚያች ከረጢት ስም ነው።

ከካዝናው ወደ ቤቱ ስንሻገር፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤት»ን የመንግሥት አደረገ። ይህ «ትርፍ» የሚገርም ቃል ነው። ግእዙ «ተርፈ» ቀረ፣ ተረፈ ነው፤ ከሞት ያመለጠም «ተረፈ» ይባላል፤ ነጋዴ ሲያገኝ «አተረፈ»። አዋጁ የባለቤቱን ማትረፊያ ወስዶ «የተረፈ» አደረገው፤ በአንድ ሥር ውስጥ ያሉ ሁለት ትርጉሞች ተፋጠጡ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄዱ። «ኪራይ» ራሱ የዐረብኛው «ኪራእ» ነው። አማርኛ ግን እንደ ገዛ ልጁ አርብቶታል፦ ተከራየ፣ አከራየ፣ ተከራይ፣ አከራይ።

«ኮንዶሚኒየም» በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተቀናጀው የቤቶች ልማት ፕሮግራም ጋር ገብቶ የታክሲ ረዳት የሚጠራው ሰፈር ሆነ። ላቲን ነው፦ «ኮን» አብሮ፣ «ዶሚኒየም» ባለቤትነት። ከዚያም ውስጥ «ዶሙስ»፣ ቤት፣ ተደብቋል። የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 370 «የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት» ሲል ቃሉን ከነነፍሱ ተርጉሞታል፤ የእኛው «ባለቤት» የግእዙን «ባዕል»፣ ጌታና ባለጠጋ፣ ከቤት ጋር አጋብቶ የያዘ ነውና። ሕዝቡ ግን ላቲኑን መረጠ።

የገንዘቡ ምንጭ «ቦንድ» ነበር። እንግሊዝኛው «ባይንድ»፣ አሰረ፣ ካለው ግሥ ይወለዳል፤ አማርኛም ውል «ያስራል»ና ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የከተማ አስተዳደርና ክልሎች ቦንድ ይሸጡ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛ፣ በዚያ ገንዘብ ቤቱ ይሠራ ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድሚያ ይከፍልና ቀሪውን ከዚያው ባንክ ይበደር ነበር፤ እሱ ሲከፍል መንግሥት ከእስሩ ይፈታ ነበር። የመሬቱ «ሊዝ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሥሩ የላቲኑ «ላክሳሬ»፣ ማላላት፣ መልቀቅ። መሬቱ በላላበት ቃል፣ ገንዘቡ በታሰረበት ቃል ተሠራ።

«ዕጣ»ን የምወደው እንጨት ስለሆነ ነው። ግእዙ «ዕፃ» ከ«ዕፅ» ይወጣል፤ ከዚያው «ዕፅ» አማርኛ «ን»ን ጨምሮ «እንጨት»ን አበጀ። ዕጣ «የሚጣለው» የሚወረወር ስንጥር ስለነበር ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጥቶ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስንጥሩ ቢቀርም «ዕጣ» አሁንም አደራ የሚጠይቅ ቃል ነው።

የቀረው «ቁጠባ» ነው። «ተቆጠበ» ራሱን ገታ፤ «ቁጥብ ሰው» ንግግሩን የሚመጥን ነው። ባንኩ ይህን ጠባይ ወስዶ ሂሳብ አደረገው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምዝገባ ሲከፈት የ10/90 (10 በመቶ ቅድሚያ፣ 90 በመቶ ብድር) ተመዝጋቢ በየወሩ 187 ብር እንዲቆጥብ ተጠየቀ። «አቅም»ም የቁጥብ ቃል ነው፦ ግእዙ «ዐቅም» ልክ፣ ወሰን ነበር፤ በአማርኛ ችሎታ ሆነ። በክልል ከተሞች የኮንዶሚኒየሙ ግንባታ ብዙ ሳይቆይ የቀዘቀዘበት አንዱ ምክንያት ቅድሚያ ክፍያው ከነዋሪው ዐቅም፣ ማለትም ከልኩ፣ ማለፉ ነው።

በጌዴኦ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ቡና ነው፤ ገንዘቡ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ለቀማ ይመጣል፤ ክረምቱን ደግሞ ይደርቃል። ለዲላ የቤት ቁጠባ የሚያረቅ ባለሥልጣን ቢኖር አንድ ነገር እለምነዋለሁ፦ መዋጮውን በወር ሳይሆን በለቀማ ወቅት ይወስን።