ሃይፕ ዊሊያምስ፡- የቪዲዮ ክሊፕ ዳይሬክተርን ሙያ ያስከበረ ባለሙያ

ሃይፕ ዊሊያምስ በሂፕ ሆፕ ሙዚቃ የቪዲዮ ክሊፕ ዝግጅት በዓለም አቀፍ ደረጃ ስማቸው ከሚጠቀስ ዳይሬክተሮች አንዱ ነው። ሃሮልድ ዊሊያምስ የተባለው ይኸው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ በተሰኘው አካባቢ ተወለደ። "ሃይፕ" የሚለው መጠሪያ በወጣትነቱ በግድግዳ ላይ ይሥላቸው ከነበሩ የግራፊቲ ሥራዎቹ ጋር የተያያዘ ነው።

የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያችው ከተማ ብሮንክስ በተባለው አካባቢ እንደተጀመረ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሥርጭት የጀመረው ኤም ቲ ቪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሰጠው የአየር ሰዓት አነስተኛ ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት ካገዙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው "ቪዲዮ ሚውዚክ ቦክስ" የተሰኘው ዝግጅት ነው። ይህ ዝግጅት የተላለፈው በኒውዮርክ ከተማ አስተዳደር ባለቤትነት ሥር በነበረ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው። የዝግጅቱ መሥራቾች ራልፍ ማክዳኒየልስና ላየነል ማርቲን ያቋቋሙት የፕሮዳክሽን ድርጅት ዊሊያምስ ሙያውን የቀሰመበት የሥራ ቦታ ሆኗል።

ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1993 ቢግ ዶግ ፊልምስ የተሰኘውን የራሱን ድርጅት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለቱፓክ ሻኩርና ለዶክተር ድሬ "ካሊፎርኒያ ላቭ" ያዘጋጀው፣ በምድረ በዳ የተቀረጸው ክሊፕ ዝናውን ከፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሚሲ ኤልየትና ለበስታ ራይምስ በሠራቸው ክሊፖች ደግሞ "የዓሣ ዓይን" በሚባለው ሌንስ በስፋት ተጠቅሟል። ይህ ሌንስ ወደ ካሜራው የቀረበውን አካል አግዝፎ ዙሪያውን ስለሚያጎብጥ፣ ጠባብ ክፍል እንኳ ልዩ መድረክ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 "ቤሊ" የተሰኘውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ለዕይታ አብቅቷል። በተከታዩ ዓመት ለቲ ኤል ሲ ቡድን የሠራው ክሊፕ በኤም ቲ ቪ ውድድር የምርጥ ቡድን ቪዲዮ ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ድርጅቱ ለዘርፉ ግንባር ቀደም ባለሙያዎች የሚሰጠውን የቪዲዮ ቫንጋርድ ሽልማት ተቀብሏል።

በዊሊያምስና በዘመኑ ባልደረቦቹ የሥራ ዕድገት ውስጥ አንድ የአሠራር ለውጥ ጉልህ ስፍራ አለው። ኤም ቲ ቪ እ.ኤ.አ. በ1992 የዳይሬክተሩን ስም ከድምፃዊውና ከዘፈኑ ርዕስ ጋር በስክሪን ላይ ማስፈር ጀመረ። ከዚያ በፊት ተመልካቹ ክሊፑን የሠራው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም አልነበረም። ስሙ በይፋ መታወቅ የጀመረ ባለሙያ ግን በሥራው የሚመዘንበትና በዋጋ የሚደራደርበት አቅም አገኘ።

ጉዳዩ ለአገራችንም አግባብነት አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ኦዲዮቪዥዋል ሥራዎችን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ያካትታል። ከኢኮኖሚያዊ መብት በተጨማሪም የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ የሞራል መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል።

ወሎ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከተሰኙት ቅኝቶች ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሳ አካባቢ ነው። በወልድያ ከተማም ሆነ በሀብሩ ወረዳ መርሳ ከተማ ካሜራ ይዞ ለሚሠማራ ወጣት መብቱ በተግባር የሚከበረው በቅድሚያ በቀላል አሠራሮች ነው። ከቀረጻ በፊት የጽሑፍ ውል መፈራረም፣ የዳይሬክተሩንና የቀራጩን ስም በክሊፑ ላይ ማስፈር እንዲሁም ዋናውን ቅጂ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ከነዚህ መካከል ይገኙበታል። የባህል ጽሕፈት ቤቶችና የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በሚያሠሯቸውና በሚያሠራጯቸው ክሊፖች ይህንኑ ቢተገብሩ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ለሙያው ዕድገት ትርጉም ያለው አስተዋጽኦ ያበረክታሉ።