ግንብና አንደበት

እዚህ ዳላስና ፎርት ወርዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን ይዘን ወደ አገር ቤት ለመሄድ ስንሰናዳ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። ጎንደርን ስናይ አስጎብኚ እንያዝ ወይስ በገዛ እግራችን እንዙር? አንዱ «ተወልጄ ባደግሁበት አገር ማን መርቶኝ!» ይላል። ሌላው «ልጆቹ ድንጋይ ብቻ አይተው እንዳይመለሱ» ብሎ ይሰጋል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ዶላርና ወደ ዕረፍት ቀናት ይዞራል። ለእኔ ግን ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የታሪክ ጥያቄ ነው። አንድ ከተማ ያለፈውን ያኖረው የት ነው? በጽሑፍና በሐውልት ላይ ነው ወይስ በሰው አንደበት?

በቅርባችን ካለው ልጀምር። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከሌላ ስቴት እንግዳ ሲመጣብን የምንወስደው ወደ ዲሊ ፕላዛ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በጥይት ወደ ተመቱበት አደባባይ። ተኩሱ ተከፈተበት የተባለው የመጻሕፍት መጋዘን ስድስተኛ ፎቅ ከ1989 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ጎብኚው ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ፣ የተቀዳ ድምፅ እየመራው ከሥዕል ወደ ሥዕል ያልፋል። እኔ በሄድሁባቸው ጊዜያት፣ ወደ ሣሩ ስንወርድ ሌላ ዓይነት መሪ ይጠብቀን ነበር። ወረቀትና ፎቶግራፍ የሚሸጠው ይህ ሰው ከጉብታው በላይ ያለውን የእንጨት አጥር በጣቱ እያሳየ «ሁለተኛው ተኳሽ እዚያ ነበር» ይላል። የሚገርመው፣ አንድ ሰው ነው ባዩም ሁለት ናቸው ባዩም የሚደገፍበት የመንግሥት ሰነድ አያጣም። በ1964 የዋረን ኮሚሽን ኦስዋልድ ብቻውን እንደ ፈጸመው ደመደመ፤ በ1979 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ግድያው የሤራ ውጤት ሳይሆን እንደማይቀር ገለጸ።

ይሁንና ከሁለቱ መሪዎች አንዱም እንግዳዬን ከኬኔዲ በፊት ወደ ነበረችው ዳላስ አልወሰደውም። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ ሲያሽከረክሩ የኖሩበት ሰባ አምስት አውራ ጎዳና ከመሀል ከተማ ወደ ሰሜን ሲወጣ የፍሪድመንስ መካነ መቃብርን ታክኮ ያልፋል። ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮችና ልጆቻቸው የተቀበሩበት ስፍራ ነው። በ1940ዎቹ መንገዱ ሲሠራ ከፊሉ በአስፋልት ተሸፈነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎዳናውን ለማስፋት ሲቆፈር ከ1,100 በላይ መቃብሮች ተገኙ፤ አፅማቸው ተነሥቶ በሌላ ቦታ ዐረፈ፤ በ1999 የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ያንን መንገድ በቀን ሦስት ጊዜ ስንመላለስበት የነበርን ሰዎች ሙታን ላይ እንደምንነዳ የነገረን አልነበረም።

«እንግዲያው መሪውን ትቶ ብቻ መሄድ ይሻላል» የሚል ካለ ይህንንም ይስማ። ከዲሊ ፕላዛ ጎን በቆመው አሮጌ ቀይ ፍርድ ቤት፣ ማርች 3 ቀን 1910 አለን ብሩክስ የተባለ ጥቁር ሽማግሌ ገና ሳይፈረድበት ሕዝብ ገብቶ በመስኮት በገመድ ጎትቶ አወረደው፤ ሜይንና ኤካርድ የተባሉት መንገዶች እስከሚገናኙበት ወስዶ ሰቀለው። በዚያ ማዕዘን ላይ ምልክት የቆመው በ2021 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት 111 ዓመታት ብቻውን የሚዘዋወር ሰው ምን ሊያይ ይችል ነበር? ሱቅ፣ መስኮት፣ የትራፊክ መብራት። እግር ያልተጻፈውን አያነብም።

ጎንደር ላይ ደግሞ የተጻፈው ከተነገረው እጅግ ያነሰ ነው። በ2018 ወደ ፋሲል ግቢ ስገባ አንድ ወጣት አስጎብኚ ይዤ ነበር። አፄ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667 እንደ ነገሡ፣ ከተማዋ በ1636 እንደ ተቆረቆረች፣ አርባ አራቱን ታቦት፣ የኢያሱን ግንብ፣ ሁሉንም ሳይደናቀፍ ወረደው። ግንቡን ማን ሠራው ብዬ ጠየቅሁት። «ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ግን ከፊታችን ለነበሩት አውሮፓውያን አንድ ባልደረባው ስለ ፖርቱጋሎች ሲያስረዳ ሰምቼ ነበር። ይህንን ስነግረው ሳቀ። «ፈረንጁ ፖርቱጋል ሲባል ደስ ይለዋል፤ እርስዎ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ስል ደስ አለዎት።»

በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የገባው ሐሰን አል ሐይሚ ግን የቤተ መንግሥቱ ግንበኛ ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸውና የፖርቱጋሉ ወሬ በዚያው ይዳከማል፤ ሕንዳዊው ግን ለፈረንጁም ለእኛም ኩራት የሚመች አይደለም። ምናልባት በአስጎብኚዎቹ አፍ ያልተለመደው ለዚህ ይሆናል።

ሕክምናን የተማርኩት በውጭ አገር ነው። መምህራኖቻችን ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩን፣ በሽተኛው የሕመሙን ታሪክ ሲናገር ሳናቋርጥ እንድንሰማ፣ ከዚያም የነገረንን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን በእጃችን እንድንዳስስ ነበር። በሽተኛው ሊዋሽ አይነሣም፤ ሐኪሙ ምን መስማት እንደሚወድ ግን ቶሎ ይገባዋል። ታሪኩን ሳይሰማ የሚዳስስ ሐኪም ደግሞ እጁ የት ማረፍ እንዳለበት አያውቅም።

ያ ወጣት ከተናገረው ይልቅ ያለፈው ነገር ነበር የከነከነኝ። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ የንብ መንጋ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንዴት እንዳዳነ ሲተርክ ድምፁ ከፍ አለ። ከዚያ 22 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1866፣ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከተማዋን መዝረፋቸውንና አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠላቸውን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላነሣም። ከጎንደር የተጫኑት የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው። እኛ በውጭ የምንኖረው እንግሊዞችን «መልሱ» ስንል ድምፃችን የሚሰማውን ያህል፣ መጻሕፍቱ መቅደላ እንዴት እንደ ደረሱ ሲነገር አይሰማም። ልጁን አልወቅሰውም፤ የቴዎድሮስን ሥዕል ሳሎናችን ሰቅለን የምንመጣ እንግዶቹ እኛ ነን።

በራሴ ዞሬ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ጄምስ ብሩስ ትዝ ይለኛል። ስኮትላንዳዊው በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። በሩን የከፈተለት ድፍረቱ ብቻ አልነበረም፤ ፈንጣጣ በገባበት የመኳንንት ቤት በሽተኞችን ማስታመሙ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ሰዎች እየመሩት ያየውን አየ። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በ1790 የታተሙት የብሩስ አምስት ቅጾች ግን የአባይን ምንጭ ጉዞ ሲተርኩ ባሉጋኒን ጨርሰው ይረሱታል፤ ሥዕሎቹም በብሩስ ስም ሄዱ። «ብቻዬን» የምትለዋን ቃል በጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ባየሁ ቁጥር ማን እንደ ተሰረዘ እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ያለ አስጎብኚ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። በዕድሜዬ ላለ ሰው ዳገቱ ቀላል አይደለም። የምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ፤ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለውን አፅም አንድ ዲያቆን አሳየኝ። ስመለስ አዲስ ዓለም በተባለው የእስላም ሰፈር አቋረጥሁ። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ መታወጁን አንብቤ ስለ ነበር፣ በሰፈሩና በግቢው መካከል ያለውን ርቀት በእግሬ ስለካው ያነበብሁት ነገር ክብደት አገኘ። ይህን ርቀት የጉብኝት መኪና አያሳይም። ፊደል የማይቆጥር፣ አማርኛው የተሰባበረ የዳላስ ልጅ ግን ያንኑ መንገድ ቢሄድ ያለ ተናጋሪ ሰው ምን ያገኝ ነበር? ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ወላጆች የምሰጠው ምክር አጭር ነው። የመጀመሪያውን ቀን አስጎብኚ ያዙ፤ አትቸኩሉ፤ ያለፈውን ነገር ጠይቁት፤ ሁለተኛውን ቀን መጽሐፍ ይዛችሁ ብቻችሁን ውጡ።

ችግሩ የመጀመሪያውን ቀን የሚያሟላው ሰው እየጠፋ መሆኑ ነው። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፤ በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ በ2023 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። እንግዳ ቀረ። በ2018 የመራኝ ወጣት አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ዓመት ስልክ ደውዬ ስለ 1866 ጠየቅሁት፤ አያቱ የነገሩትን ያውቃል። «ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልጠየቁኝም?» አለኝና፣ ከየትኛው ደብር የትኛው መጽሐፍ እንደ ተወሰደ፣ ካህናቱ ማታ ማታ ምን ይሉ እንደ ነበር፣ ተሳፋሪ እስኪመጣለት ድረስ ነገረኝ። ከዚያ ተሳፋሪ መጣ።