የጠፋው ደመና፦ ስለ ወጣት ከዋክብት ተለዋዋጭ ብርሃን

የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ትጉህ ሰው መዝገብ ነው። ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ኦክቶበር 11 ቀን 1852 ጆን ራስል ሃይንድ ለንደን በሚገኘው ሬጀንትስ ፓርክ፣ በጆርጅ ቢሾፕ የግል የሰማይ መመልከቻ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። ሥራው አስትሮይዶችን ማደን ነው፤ በዚያ ዓመት ብቻ አራት አግኝቷል። እንዲህ ያለ አደን ደብዛዛ ከዋክብትን አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅን ይጠይቃል፤ እንግዳ ነጥብ የሚታወቀው ነባሮቹ ሲታወቁ ነውና። በዚያች ሌሊት፣ የእኛ የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ሠውር በሚሉት የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ በካርታ ያልሰፈረ ትንሽ ኔቡላ አየ። ከአጠገቡም አሥረኛ ደረጃ ብሩህነት ያለው ኮከብ ነበር። ኮከቡ ብርሃኑን የሚለዋውጥ መሆኑ ሲታወቅ ቲ ታውሪ ተባለ።

በ1861 ሃይንሪሽ ዳሬስት ከኮፐንሃገን ወደዚያው ስፍራ ሲመለከት ኔቡላው የለም። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኮከብ ሊለዋወጥ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል፤ ይህን ያህል ሰፊ ደመና ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዓይን ይሰወራል ማለት፣ ወይ ሰማዩን ወይ ተመልካቹን መጠራጠር ነው። ሃይንድን ያዳነው የመዝገቡ ጥራት ይመስለኛል። በ1890 በርናም እና ባርናርድ በሊክ የሰማይ መመልከቻ 36 ኢንች ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ፈልገው፣ እጅግ ደብዝዞ አገኙት። ዛሬ ኔቡላው የራሱ ብርሃን የሌለው፣ የኮከቡን ብርሃን የሚያንጸባርቅ አቧራ እንደሆነ እናውቃለን። ለኮከቡ ቅርብ የሆነ አቧራ መንገዱን ሲጋርድ፣ ከወዲያ ያለው ደመና በጥላ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ነገሩ ብዙም ሳይራመድ ቆየ። በ1945 አልፍሬድ ጆይ በማውንት ዊልሰን ሆኖ ቲ ታውሪን የሚመስሉ 11 ከዋክብትን በአንድ ጽሑፍ ሰበሰበ። ብርሃናቸው ያለ ሥርዓት እስከ ሦስት ማግኒትዩድ፣ ማለትም ከ15 እጥፍ በላይ ይለዋወጣል፤ በብርሃናቸው ትንተና ውስጥ ደማቅ መስመሮች ይታያሉ፤ የሚገኙትም ከአቧራ ደመና ጋር ነው። ምን እንደሆኑ ግን ግልጽ አልነበረም። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ እነዚህ በዕድሜ የገፉ ተራ ከዋክብት ሆነው በደመና ውስጥ ሲያልፉ የሚጋጫቸው አቧራ ያናውጣቸዋል የሚል ነበር። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ አቧራውን አይቷል፤ የተሳሳተው በዝምድናው ነው።

ዝምድናውን የፈታው አርመናዊው ቪክቶር አምባርትሱምያን ነው። ሙግቱን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የሚቆመው በአንድ ቀላል ነጥብ ላይ ነውና። እነዚህ ከዋክብት ተበትነው ሳይሆን በላላ ማኅበር ተሰባስበው ይገኛሉ። የላላ ማኅበር በጋላክሲው የስበት ጉተታ ለረጅም ዘመን ተጠብቆ ሊኖር አይችልም። እስካሁን አንድ ላይ ከሆኑ፣ ለመበታተን ጊዜ አላገኙም፤ ስለዚህ ወጣቶች ናቸው። ደመናው በመንገድ ያገኙት ሳይሆን የተወለዱበት ነው። እንግዲህ የከዋክብት ልደት ያለፈ ታሪክ ሳይሆን ዛሬም የሚካሄድ ሆነ።

በ1966 ሜክሲኳዊው ኤውሄኒዮ ሜንዶሳ እነዚህ ከዋክብት በታኅተ ቀይ ጨረር ከሚጠበቀው በላይ እንደሚያበሩ አሳየ። ይህ የሞቀ አቧራ ምልክት ነው። ጥያቄው ወዲያው ይከተላል፤ ያን ያህል አቧራ ኮከቡን በሁሉም አቅጣጫ ቢሸፍነው ኮከቡን እንዴት እናየው ነበር? አቧራው እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ከሆነ ግን ከላይ ወይም ከጎን ሰያፍ ሆነን ኮከቡን ማየት እንችላለን። በ1974 ሊንደን-ቤል እና ፕሪንግል ከእንዲህ ያለ ዲስክ ቁስ ወደ ኮከብ ሲወርድ ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚሰጥ አሰሉ፤ ሐሳቡ በሰፊው የተቀበለው ግን በ1980ዎቹ ነው። እኔም በተማሪነቴ አቧራን የተማርኩት እንደ እንቅፋት፣ ከስሌት ተቀንሶ እንደሚጣል ጉድፍ ነበር።

የመለዋወጡ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የኮከቡ ገጽታ ላይ ያሉ ቀዝቃዛ ነጠብጣቦች አብረውት ሲዞሩ፣ ከዲስኩ የሚወርደው ቁስ ሲበዛና ሲያንስ፣ አቧራው ራሱ ሲጋርድ ብርሃኑ ይለወጣል። የመጨረሻውን በግልጽ ያሳየን ኤኤ ታውሪ ነው። ዲስኩን ከጠርዙ አቅራቢያ ስለምናየው፣ በኮከቡ መግነጢሳዊ መስክ የተጣመመው የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል በ8.2 ቀን አንድ ጊዜ ፊቱን ይሸፍነዋል። ዤሮም ቡቪዬ እና ባልደረቦቹ ይህን ከለዩ በኋላ፣ በ2011 ኮከቡ በድንገት ደበዘዘ፤ ለዓመታትም ወደ ቀድሞው ብርሃኑ አልተመለሰም። የሃይንድ ደመና እንቆቅልሽ በሌላ ኮከብ ላይ ተደገመ ማለት ይቻላል።

በ2014 በቺሊ አታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለው አልማ የኤችኤል ታውሪን ዲስክ አነሣ፤ በአቧራው ውስጥ ቀለበቶችና ክፍተቶች ተለይተው ታዩ። ፕላኔቶች የሚሠሩት ከእንዲህ ያለ አቧራ ነው።

ቲ ታውሪን ራሱን ማየት ለሚፈልግ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ማታ ማታ አልደበራንን ይፈልግ፤ በአጠገቡ የቪ ፊደል ቅርጽ ያለው የከዋክብት ስብስብ አለ። ኮከቡ ከቪው ሁለት ጫፎች አልደበራን ካልቆመበት ከሌላኛው ብዙም አይርቅም። በዓይን አይታይም፤ መጠነኛ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።